ባለ ቀንዷ ኮከብ እና የመምህሩ ጠባሳ

በሆሳዕና ምድር ኮከብን በካሜራ የያዝኩ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ሁለተኛው እስካሁን ስላልመጣ የመጨረሻውም እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። ከትምህርት ጋር ስምንተኛ ክፍል ላይ ተጣላን፤ ጥፋቱ የሱ ነበር። የቀረውን ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ተማሪውም ጎበዝ፣ አስተማሪውም ጎበዝ ስለነበሩ ብዙ አልተቸገርንም።

ዘመኑ ደርግ ነው። የምሠራው ከገበያው ከፍ ብላ ባለች አንዲት ፎቶ ቤት ነበር። ባለቤቷ ከሰሜን የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴትዮ ናቸው፤ እኔ «እትዬ» ነው የምላቸው። እኔ አነሳለሁ፣ አጥባለሁ፤ እሳቸው ያሳምራሉ። ማሳመር ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ኔጋቲቩ ላይ በተሳለ እርሳስ፣ የታተመው ፎቶ ላይ ደግሞ በቀጭን ብሩሽና በምላጭ ጫፍ ብጉሩን፣ ኪንታሮቱን፣ የፈንጣጣውን ምልክት፣ የግንባሩን ሽብሽብ አንድ በአንድ ያጠፉታል። ከሌሞ ገጠር በጋሪ የመጣች አሮጊት ከኛ ቤት ልጃገረድ ሆና ትወጣለች። መንገድ ላይ ባሏ ቢያገኛት ሽማግሌ ይልክባት ነበር።

ሌላም ደንብ ነበረን። ፎቶ በፖስታ ታሽጎ ነው የሚሰጠው፤ ቤት ሳይደርስ አይከፈትም። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እዚያው ባንኮኒው ላይ የከፈተ ደንበኛ «ይሄ እኔ አይደለሁም» ብሎ ይጨቃጨቃል፤ ቤቱ የከፈተ ግን ሚስቱ «ኧረ እንዴት አምሮብሃል!» ስትለው አፉን ይዘጋል። ይቺ ብልሃቴ በኋላ መልሳ እኔኑ ነከሰችኝ።

አሁን ወደ ኮከቧ።

ግብርና ቢሮ የሚሠራ ቀያሽ ጓደኛ ነበረኝ። መሬት የሚለካበት ባለ ሦስት እግር መሣሪያ አለው፤ በላዩ ላይ አጭር መነጽር አለች፣ በሷ ካዩ ሩቁ አጠገብዎ ይመጣል። ታዲያ መሣሪያው ሁሉን ነገር ገልብጦ ነው የሚያሳየው፤ ከአብዮቱ ጋር አብሮ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። አንድ ቀን ወደ ማታ ሥራውን ጨርሶ ዕቃውን ሲሰበስብ «እስቲ ላንዳፍታ» አልኩትና ዓይኔን ተከልኩ። በበኩሌ ከትምህርት ቤት የሚወጡ አስተማሪዎችን ነበር የምፈልገው። እጄ ስቶ ወደ ምዕራብ ሰማይ ሄደና ፀሐይ ስትገባ ቀድማ የምትወጣዋ ያቺ ደማቅ ኮከብ መነጽሩ ውስጥ ገባች።

ክብ አይደለችም። ነጥብም አይደለችም። እንደ አዲስ ጨረቃ ቀጭን ሆና፣ ግራና ቀኝ ሁለት ቀንድ አላት።

እኔ የያዝኩትን ወሬ የማሳድር ሰው አይደለሁም። በማግስቱ ሻይ ቤት ውስጥ «የማታዋ ኮከብ ቀንድ አላት» ብዬ ተናገርኩ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ያየኝ ሁሉ ሁለት ጣቱን ግንባሩ ላይ እያቆመ ሰላም ይለኝ ጀመር። ይሄ ይሁን። የከፋው ግን ወሬው መድረስ የማይገባው ቦታ መድረሱ ነው።

በዚያን ጊዜ የምወዳት ልጅ ነበረች። የከምባታ ልጅ ናት፤ ሆሳዕና ታስተምራለች፣ አባቷ ደግሞ ዱራሜ መምህር ናቸው። የጸሎት ሰዎች ናቸው፣ በቤታቸው አዎ የተባለ ነገር አዎ ነው፣ የለም የተባለ የለም ነው። እኔ ደግሞ በመካከሉ ብዙ የምኖርበት ቦታ አለኝ። አጎቴን በሽማግሌነት ከሌሞ ዱራሜ ልኬ መልስ እየጠበቅሁ ነበር። ልጅቱ ራሷ መጣችና ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

«ኮከቧ ቀንድ አላት አልክ አሉ?»

«አላት።»

«አይተሃል?»

«በዚህ ዓይኔ!»

«ያ ዓይንህ እኮ ባለፈው ሌሞ ውስጥ ባለ ሁለት ራስ ጥጃ አይቶ ነበር።»

«እሱ በሌላኛው ዓይኔ ነው።»

አልሳቀችም። አለመሳቋ አስደነገጠኝ፤ እሷ በኔ ቀልድ የማትስቀው ነገሩ ሲከፋ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ቀን አጎቴ አቧራ ለብሶ ከዱራሜ ተመለሰ።

«እህ፣ መምህሩ ምን አሉ?»

«እምቢ አላሉም። እሺም አላሉም። 'ልጁ የዚያ ፎቶ ቤት ሠራተኛ ነው ወይ?' አሉ። ነው አልን። ከዚያ ጉንጫቸውን አሳዩን።»

ጉንጫቸውን አውቀዋለሁ። በልጅነታቸው በሬ ወግቷቸው ከዓይናቸው ሥር እስከ ከንፈራቸው ጥግ ቆልመም ብሎ የሚወርድ ጠባሳ አላቸው። አንድ ጊዜ ለመታወቂያ የሚሆን ፎቶ ከኛ ቤት ተነስተው ነበር። እትዬ በደግነታቸው ጠባሳውን አጥፍተው፣ ጉንጩን እንደ ሙሽራ ጉንጭ አድርገው አሽገው ሰጧቸው። መምህሩ ፎቶውን መታወቂያ ላይ አስለጥፈው ሲሄዱ ኬላ ላይ አስቆሟቸው። ጥበቃው ፎቶውን ያያል፣ ሰውየውን ያያል። «ይሄ አንተ አይደለህም። ባለ መታወቂያውን የት አደረስከው?» ብሎ አሳደራቸው።

«እና እንዲህ አሉ» አለ አጎቴ፣ «'ያ ቤት ሰው አያነሳም፣ ይዋሻል። አሁን ደግሞ ልጁ ኮከብ ቀንድ አላት ይላል። ካላት ፎቶዋን ያምጣልኝ። ከሌላት ልጄን ለውሸታም አልሰጥም።' ከፋሲካ በፊት ቀጠሮ ሰጥተውናል። አንድ የገንዘብ ቢሮ ሰውም ሽማግሌ ልኮ እየጠበቀ ነው፤ እሱ ስለ ኮከብ ምንም አላወራም።»

«መሣሪያውን ዱራሜ ወስጄ ላሳያቸው?» አልኩት ቀያሹን።

«የመንግሥት ንብረት ነው። ከከተማ ካወጣኸው አንተንም እኔንም ነው የሚለኩን።»

ስለዚህ የቀረው ፎቶ ነው። ልጅቱን አግኝቼ ነገርኳት። «አባቴ ከቃሉ አይመለስም» አለችኝ፣ «እኔም የሱ ልጅ ነኝ። ቀንድ ካላት አምጣት።»

ችግሩ ኮከቧ አትጠብቅም። በየምሽቱ ዝቅ ትላለች፣ ቀንዷም እየቀጠነ ይሄዳል። ቀያሹ ለክቶ «ብዙም ሳትቆይ ከፀሐይ ጋር አብራ ትጠልቃለች» አለኝ። ፋሲካም እየቀረበ ነው፣ ደመናውም እየከበደ ነው።

አሁን ከቀያሹ መነጽር ጋር የሚገጥም ካሜራ መምረጥ መጣ። በዚህ ላይ ማንም አይወዳደረኝም፤ በከተማው ያሉትን ካሜራዎች ሁሉ እንደ ዘመዶቼ ነው የማውቃቸው።

መጀመሪያ ገበያው ዳር ያለው ባለ ጥቁር ጨርቁ የእንጨት ሳጥን አለ። ባለቤቱ ጭንቅላቱን ጨርቁ ውስጥ ቀብሮ ሲቆይ ሰው የተኛ ይመስለዋል፤ አንዳንዴም ተኝቶ ነው። ሥዕሉ የሚወጣው ወረቀት ላይ ነው፤ ወረቀቱ ብርሃን እስኪጠጣ ጊዜ ይፈልጋል። ሳጥኑ ጠጥቶ እስኪጠግብ ኮከቧ ተራራውን ትሻገራለች። ተውኩት።

ሁለተኛው የእትዬ ባለ ሁለት ዓይኑ ጀርመን ነው። ንጹሕ ዕቃ ነው፣ ሙሽራ የሚነሳው በሱ ነው። ግን ጠባዩ እንደ ካድሬ ነው፤ በአንዱ ዓይን ያይሃል፣ በሌላው ይመዘግብሃል። ለሙሽራ ችግር የለውም። የቀያሹ መነጽር ግን አንዲት ቀዳዳ ናት፤ በላይኛው ዓይን ኮከቧን ካገኘሁ የታችኛው የቀያሹን ሆድ ነው የሚያነሳው። ሌንሱም አይፈታም። እሱም ቀረ።

ሦስተኛው ሩሲያው ነው። ከአንድ አስተማሪ የተዋስኩት ነው፤ ከባድ፣ ጥቁር፣ ጥይት ቢመታው ጥይቱ የሚጎዳ። ያለው ጥቅም ሁለት ነው። የፊቱ ሌንስ እንደ ጠርሙስ ክዳን ተሽከርክሮ ይወልቃል። ሌላው፣ በውስጡ ትንሽ መስታወት ስላለችው የምታየውና የምታነሳው አንድ ነገር ነው፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሐቀኛ ዕቃ ማግኘት ብርቅ ነበር። ሌንሱን አወለቅሁ፣ ባዶ አፉን ከቀያሹ መነጽር ጀርባ ገጠምኩ፣ በመካከሉ ብርሃን እንዳይገባ በብስክሌት ካላማዳሪያ፣ በውስጠኛው ጎማ፣ ጠቀለልኩት። ፈረንጅ ለዚህ የተሠራ ዕቃ አለው አሉ። እኛ ካላማዳሪያ አለን።

የመጀመሪያውን ፊልም አነሳሁ፣ አጠብኩ፣ ወደ ብርሃን አነሳሁት። ኮከቧ የለችም፤ በቦታዋ ትል አለች። የተጠማዘዘ፣ የሚርገበገብ ትል። ነገሩ ገባኝ፤ ሩሲያው ሲያነሳ ያቺ ውስጥ ያለችው መስታወት ወደ ላይ ትዘላለች፣ ስትዘል እንደ በር ትጮሃለች፣ መሣሪያው በሙሉ ይንቀጠቀጣል። ሰው ላይ አይታወቅም፤ ሰው ቅርብና ትልቅ ነው። ኮከብ ላይ ግን ያቺ ንቅናቄ ሀገር ታክላለች።

እዚህ ላይ ነው ጭንቅላቴ የሠራው። የሠራው ደግሞ ባርኔጣዬ ነው ብል ይሻላል። በሚቀጥለው ምሽት ባርኔጣዬን ከመነጽሯ ፊት ይዤ ከደንኩት። ካሜራውን ከፈትኩ፣ ተከፍቶ እንዲቆይ አደረግሁ። ይጩህ፣ ይዝለል፣ ይንቀጥቀጥ፤ ባርኔጣው ስለከደነው ምንም አይገባም። ሲረጋጋ ባርኔጣውን ብድግ አድርጌ ወዲያው መለስኩ። ብርሃኗ ገባ፣ ተዘጋ። እንዲህ ደጋግሜ አነሳሁ፤ አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት።

በዚህ መሀል ከኋላዬ ድምፅ መጣ።

«አንተ! ማንን ነው ባርኔጣ እያነሳህ ሰላም የምትለው?»

የቀበሌው ጥበቃ ነው፤ ጠመንጃውን ይዟል። ቀያሹ ከመሣሪያው ሦስት እግሮች ኋላ ተሸሸገ።

«ኮከቧን ነው፣ ጓድ።»

«ኮከብ ታውቅሃለች?»

«ገና መተዋወቃችን ነው። ይምጡ ይዩአት።»

ካሜራውን ፈታሁለትና ዓይኑን አስገባ። ብዙ ቆየ።

«ታሞኛለህ እንዴ? ይቺ ጨረቃ ናት።»

«ጨረቃማ ከኋላዎ ናት።»

ዞረ። ጨረቃ ሙሉ ሆና በምሥራቅ በኩል ከዛፎቹ በላይ ልትወጣ ነው። ተመልሶ በመነጽሯ አየ። ደግሞ ዞሮ ጨረቃዋን አየ።

«ታዲያ ይቺኛዋ የማን ናት?» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ጨርሱ» ብሎ ሄደ፤ ሲሄድ ግን አንገቱን እያጠማዘዘ ነበር። በማግስቱ ፎቶ ቤት መጥቶ እትዬን «የዚያ ኮከብ ፎቶ ሲወጣ ቀበሌው ይየው» ብሏቸው ሄደ። እኔ ጨለማ ክፍል ነበርኩ፣ አልሰማሁም።

ጨለማ ክፍል ውስጥ ደግሞ እየጨፈርኩ ነበር። ፊልሙ ላይ ከነዚያ ሁሉ አንዷ ወጥታለች። ኔጋቲቭ ስለሆነ ነጩ ጥቁር ነው፤ ሰማዩ ነጣ ብሎ፣ ኮከቧ ጥቁር ሆና፣ ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ፣ ሁለት ቀንድ ያላት! እየጮህኩ ወጣሁ። እትዬ አጉሊ መነጽራቸውን አድርገው አዩዋት።

«ይቺ ናት ሚስት የምታመጣልህ?»

«ይቺ ናት።»

«እንግዲያው ለሽማግሌ የሚሄድ ፎቶ አንተ አታትመውም፣ እጅህ ሻካራ ነው። ነገ መኪና ትሳፈራለህ፤ አሁን ሂድ ልብስህን አስተኩስ። እኔ በትልቁ አትሜ አሽጌ እሰጥሃለሁ።»

እንዴት እንደወደዱኝ ሳስብ ዓይኔ ረጠበ። ኔጋቲቩን ግን መልሼ ወሰድኩ፤ አትመው ሲጨርሱ ለምኜ፣ በባርኔጣዬ ገበር ውስጥ ወተፍኩት። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፤ ኮከብ ጭንቅላቴ ላይ ይዤ መሄድ ስለፈለግሁ ነው።

ዱራሜ ሳንደርስ ዳምቦያ ላይ የመኪናው ጎማ ተነፈሰ፣ ሰው ሁሉ ወርዶ ተቀመጠ። አጎቴ «እስቲ ፖስታውን ክፈተውና ልየው» አለኝ።

«ቤት ሳይደርስ አይከፈትም። ደንብ ነው።»

«የማን ደንብ?»

«የኔ!»

መምህሩ ቤት ተቀመጥን። የእንሰት ቡላ በቅቤ ቀረበ። ልጅቱም ከሆሳዕና ቀድማን መጥታ በጓዳው በር ቆማለች። መምህሩ ጸለዩ፣ ከጸለዩ በኋላ እጃቸውን ዘረጉ። ፖስታውን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ቀደዱት። አወጡት። አዩት። ለአጎቴ አቀበሉት። አጎቴ አይቶ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ቀማሁትና አየሁ።

ኮከብ ናት። ኮከብ ናት ስላችሁ፣ ባለ አምስት ጫፍ፣ እኩል፣ ነጭ፣ ጫፎቿ እንደ መርፌ የሾሉ። ዙሪያዋን ጥቁር ቀለም ቀብተው፣ መሀሏን በምላጭ ፍቀው፣ እንዲያውም በአንድ ጎን ትንሽ ጨረር ጨምረውላታል። በሕይወታቸው እንደዚያ አሳምረው አያውቁም።

«ይቺን እኮ» አሉ መምህሩ፣ «ቀበሌያችን በር ላይ ከማጭዱና ከመዶሻው ጋር በየቀኑ አያታለሁ።»

ልጅቱ ወደ መሬት አየች። አጎቴ ለመነሳት ከዘራውን ይፈልግ ጀመር። እኔም ከሀፍረት የተነሳ ቤት ውስጥ ማውለቅ የረሳሁትን ባርኔጣዬን አወለቅሁ፤ ገበሩ ውስጥ ኔጋቲቩ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁት።

«አንድ ጊዜ! አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ!»

አወጣሁትና ሰጠኋቸው። መምህሩ የተማሪ ደብተር የሚያርሙበት አጉሊ መነጽር አላቸው። በመስኮቱ በኩል ፊልሙን ወደ ብርሃን አነሱ።

«ጥቁር ናት» አሉ።

«እሱ ላይ ሁሉም ተገልብጦ ነው። ጥቁሩ ነጭ ነው።»

«ቀንድ... አላት።»

«አላት!»

«እዚህኛው ላይ ሴትዮዋ እጃቸውን አላስገቡም?»

«እትዬ እዚያ መግባት አይችሉም፤ ከጤፍ አትበልጥም። ማሳመር የሚችሉት የታተመውን ነው። እሱንም ቢሆን አምስት ጫፍ የሌለው ኮከብ ቀበሌ ቢያይ እንዳያስሩኝ ፈርተውልኝ መሆን አለበት።» እንደገመትኩት ነበር፤ በኋላ ስጠይቃቸው ይሄንኑ ነገሩኝ፤ «ቀንድ ያለው ኮከብ ይዘህ ማን ፊት ልትቆም ነበር?» ብለው ተቆጡኝ ጭምር።

መምህሩ ዞር አሉ። አንድ እጃቸው ፊልሙን ይዟል፣ ሌላው ጉንጫቸው ላይ ነው። ያቺ ቆልመም ያለች ጠባሳቸው በመስኮቱ ብርሃን ስትታይ ከኮከቧ ጋር እህትማማች ትመስላለች። ልናገር ብዬ ምላሴን ነከስኩ፤ ያ በሕይወቴ የሠራሁት ትልቁ ብልህ ሥራ ነው።

«የኔም እንዲህ አለ?» አሉ ቀስ ብለው።

«የርስዎ ምን?»

«የኔ ፊልም። ያኔ የተነሳሁት።»

«ኔጋቲቭ አንጥልም። እሱ ላይ በእርሳስ ነው የሞሉት፤ በጥጥና በአልኮል ሲጠረግ ይለቃል።»

«ጠባሳዬ ከሥሩ አለ?»

«እንዳለ አለ።»

አጎቴ ከዘራውን ለቀቀ። «ልጅቷስ ታዲያ?»

«ኮከቧ ቀንድ አላት፤ እሱ አልዋሸም» አሉ መምህሩ። «ጠባሳዬን ያምጣልኝና የቀረውን እንነጋገራለን።»

ልጅቱ በር ላይ እንደቆመች ሁለት ጣቶቿን ግንባሯ ላይ አቆመችልኝ።

ሆሳዕና ተመልሼ የመምህሩን ኔጋቲቭ ከሣጥን አወጣሁ። በጥጥ ጠረግሁት። እትዬ ከጎኔ ቆመው «እንዴት ያለ ጉንጭ ነበር፣ አበላሸኸው» እያሉ ሲያዝኑ፣ ጠባሳው ከእርሳሱ ሥር ቀስ እያለ ወጣ። በትልቁ አትሜ፣ ሳላሽግ፣ ፖስታም ሳላለብስ፣ በእጄ ይዤ ዱራሜ ወሰድኩላቸው። መምህሩ በር ላይ ተቀብለው ቆመው አዩት። «እኔ ነኝ» አሉ። የገንዘብ ቢሮው ሰው ሽማግሌዎች በሚቀጥለው ሳምንት ሲሄዱ ቡላ ብቻ አብልተው ሸኟቸው።

የሠርጋችን ቀን እትዬ ራሳቸው በባለ ሁለት ዓይኑ አነሱን። አማቴ መሀል እንዲቆሙ ተደረገ። ካሜራው ፊት ሲቆሙ ፊታቸውን ቀስ አድርገው ዘወር አደረጉ፤ በጠባሳው በኩል። እትዬ ከካሜራው ቀና ብለው ወደኔ አዩ።

«ትንሽ ብቻ ባሳምረውስ?» አሉኝ።

«እትዬ!» አልን፣ እኔና ሚስቴ፣ በአንድ ድምፅ።